መደርደሪያ ልገዛ ወጥቼ 618 ካርድ ይዤ ገባሁ

(ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። የታሪክ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ማደባለቅ መጥፎ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ሕይወቱ እንደዚያው ድብልቅልቅ ያለ ነው።)

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ባለቤቴ ለሳሎን የሚሆን የመጽሐፍ መደርደሪያ ፈልግ ብላኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በዚህ ወቅት ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል (ሰው የቤቱን አሮጌ ዕቃ ግቢው ላይ የሚሸጥበት) አይጠፋም። ሦስተኛው ቤት ስደርስ መደርደሪያው ተሽጦ አለቀ ተባልኩ። ዞር ስል ከጠረጴዛ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ሣጥኖች አየሁ። አንዱን ከፈትኩት። መሐመድ አሊ። ከኋላው አንድ ጎራዴ የያዘ ሰው። ከእሱ ኋላ የመርከብ ሸራ።

ካርዶች ናቸው። የፖስታ ካርድ ከሚባለውም ከፍ ይላሉ። ፊታቸው ላይ ፎቶ፣ ጀርባቸው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ።

ሴትዮዋ “የባለቤቴ ነበሩ፤ በየወሩ በፖስታ ይመጡለት ነበር” አሉኝ። ዋጋ ስጠይቅ ትከሻቸውን ነቀነቁና 15 ዶላር አሉ። ተከራክሬ 12 ማድረስ እችል ነበር። ግን ሣጥኑን ሲያዩት ዓይናቸው ትንሽ ስለዘገየ አፌን ያዝኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ እጄን አየች። “መደርደሪያው የታለ?” አለችኝ። “መደርደሪያው የሚይዘውን ነገር አምጥቻለሁ” አልኳት። አልሳቀችም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኳቸው። ተነጥለው የሚቆጠሩት 604 ናቸው። ከአንደኛው ሣጥን ሥር ደግሞ እርስ በርስ የተጣበቀ ጡብ የመሰለ ክምር አለ። በጠርዙ ስቆጥረው 14 ካርድ ሆነ። በድምሩ 618።

ምን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። ስሙ ስፖርትካስተር ይባላል። ያዘጋጀው ኤዲቶ ሰርቪስ የሚባል የጄኔቫ ድርጅት ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጣው ከ1977 እስከ 1979 ባለው ጊዜ ነው። ሱቅ ውስጥ አይሸጥም ነበር። ሰው በደንበኝነት ይመዘገባል፤ ከዚያ 24 ካርድ የያዘ ጥቅል በፖስታ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ የቃላት ችግር ገጠመኝ። አንዱን ሙሉ የካርድ ስብስብ ፈረንጆቹ የሚጠሩበትን ቃል በእኛ ፊደል ብጽፈው “ሴት” ሆኖ ቁጭ ይላል። “አንድ ሙሉ ሴት እየፈለግኩ ነው” ብዬ ብጽፍ ይህን ማስታወሻ ባለቤቴ ታነበዋለች። ስለዚህ ሙሉውን “ስብስብ”፣ ባለ 24ቱን ጥቅል “ምድብ” እለዋለሁ።

ምድቦቹ ከ1 እስከ 88 ይሄዳሉ። ከዚያ ዘለው 101፣ 102 እና 103 አሉ። 91 ምድብ ማለት ነው። በ24 ሲባዛ 2,184 ካርድ። ይህን ቁጥር ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ የካርድ ነገር የሚገባውን ጓደኛዬን ጠየቅኩት። ቤዝቦል ነው የሚሰበስበው። ፎቶውን አሳየሁት፤ “እ፣ እነዚያ ትልልቆቹ” ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። በቃ። የአንድ ሰብሳቢ ፍርድ ይህን ያህል አጭር ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ለምን እንደተናቁ ማሰብ ጀመርኩ። አንደኛው መጠናቸው ነው። የቤዝቦል ካርድ አታሚው ቶፕስ በ1957 ካርዱን ወደ 6.4 በ8.9 ሳንቲ ሜትር ካወረደው ወዲህ አልበሙም፣ ሣጥኑም፣ የፕላስቲክ ከረጢቱም ሁሉ የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። እነዚህ ግን 12 በ16 ናቸው። የትም አይገቡም። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤት የላቸውም። የቤዝቦል ሰው ቤዝቦሉን፣ የቅርጫት ኳስ ሰው የቅርጫት ኳሱን መርጦ ያወጣል። የቀረው፣ ማለትም ጎራዴው፣ ቀስቱ፣ ጀልባው፣ ሱሞው፣ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። እንደ ቤዝቦል ካርድ ማስቲካም አብሮት አልመጣም። ሕፃን ልጅ በሳንቲም ገዝቶ፣ ተለዋውጦበት፣ ከእናቱ ተደብቆበት አያውቅም። ትዝታ የሌለው ካርድ ገበያ የለውም።

እኔ ግን ስለ ትዝታ የማውቀው ቆርኪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቆርኪና ብይ ነበር ሀብታችን። ከማስቲካ ውስጥ የኳስ ተጫዋች ሥዕል የደረሰው ልጅ ለአንድ ሳምንት የሰፈሩ አለቃ ነው። የቤዝቦሉ ሚኪ ማንትል የ1952 ካርዱ በ2022 12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ እንኳ ልቤ አልተነካም። የማላውቀው ሰው ነው። እዚህ ሣጥን ውስጥ ግን የዓለም ስፖርት ሁሉ አለ። ካለ ደግሞ አንድ ሰው መኖር አለበት።

አበበ ቢቂላ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

604ቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። አበበ የለም።

የአበሻ ልብ አይደል፤ ጡቡ ውስጥ ይሆናል አልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ስለ ዛሬ መጻፍ ያሳፍራል። ግን የሥራ ማስታወሻ ከሆነ ስህተቱም ይጻፍ።

ጡቡ ከታች ውሃ ነክቶታል። ምናልባት ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው። ካርዶቹ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ወረቀት ናቸው። እንዲህ ያለ ወረቀት ረጥቦ፣ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ከደረቀ ሽፋኑ ሙጫ ይሆናል። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ጠዋት ላይ አላውቅም ነበር። ጠዋት ላይ ጥፍሬን በመሃል ከትቼ ሳብኩ። ጠጥጥ አለ። ከላይ ያለችው የበረዶ ሸርታቴ ካርድ ፊቷ ተገፍፎ የታችኛዋ ጀርባ ላይ ቀረ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሁለተኛዋንም ገፈፍኳት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። የድሮ የእንግሊዝ የሲጋራ ካርድ (ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣ) የሚሰበስቡ ሰዎች አልበም ላይ የተለጠፈውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያላቅቁታል። እነ ጆን ፕሌየር የሚባሉት የሲጋራ አምራቾች በ1930ዎቹ የካርዱን ጀርባ እንደ ቴምብር ሙጫ ቀብተው ነበር የሚያወጡት። ልጁ ምራቁን ነክቶ አልበሙ ላይ እንዲለጥፈው። በ1937 ያወጡት 50 የስፒድዌይ ሞተር ብስክሌተኞች ስብስብ ለምሳሌ እንደዚያ ነው። የሚሟሟው ሙጫው ነው፤ ወረቀቱና ቀለሙ ይችሉታል። የእኔዎቹ ግን ሙጫ የላቸውም። የተጣበቀው ራሱ የሥዕሉ ሽፋን ነው። ብዘፈዝፈው ሥዕሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ውሃ ያልደረሰበትን የላይኛውን ጥግ እያየሁ፣ በጣም ስስ የሆነ የፕላስቲክ ማንኪያ እያስገባሁ፣ እየተውኩ፣ እየተመለስኩ አምስት አተረፍኩ። ሁለት ተቀደዱ። ሰባቱ ለዘላለም አብረው ይኖራሉ። ጠርዛቸውን በባትሪ ብርሃን አየሁ። ምን እንደሆኑ አይታወቅም።

ከአምስቱ ውስጥም አበበ የለም። ከሰባቱ ውስጥ ይኖር እንደሆነ አልጠይቅም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

የሳምንቱ ሥራ ሽታ ማስወጣት ነበር። የቤዝመንት ሽታ አለባቸው፤ የሻገተ ጆንያ ዓይነት። ሽቶ የሚረጩ ሰዎች አሉ አሉ። እግዜር ይይላቸው።

የእኔ ዘዴ ይህ ነው። ትልቅ ክዳን ያለው ዕቃ። ከሥሩ ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ሳህን። ከላዩ የኬክ ማቀዝቀዣ ሽቦ። ከሽቦው ላይ ካርዶቹ እንደ ድንኳን ቆመው፣ አየር በመሃላቸው እንዲያልፍ። ሶዳው ካርዱን መንካት የለበትም። አብሮ ከጫማ ሣጥን የለቀምኳቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጣልኩበት። በአንድ ጊዜ የሚገባው 60 ካርድ ስለሆነ ገና አልጨረስኩም። ሽቦው የባለቤቴ መሆኑ ተደርሶበታል።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንዶቹ በላስቲክ ታስረው ነበር። ላስቲኩ ቀልጦ ጠንክሮ ቡናማ መስመር ትቷል። አራት ካርድ ላይ። ላስቲክ ስታዩ ዛሬውኑ አውልቁት።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ቁጥር። እያንዳንዱ ካርድ ጀርባው ላይ ረጅም ቁጥር አለ። ለእኔ የሚጠቅሙኝ የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ምድቡና ከምድቡ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ። ኤክሴል ላይ 91 ረድፍ በ24 ዓምድ ሠራሁ። ያለኝን አረንጓዴ እቀባለሁ። ልጄ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ እቀባለሁ። 14 ዓመቱ ነው። በሰዓት 5 ዶላር ተስማምተናል። እኔ በእሱ ዕድሜ አባቴን ለሥራ ገንዘብ ብጠይቀው... ይቅር።

ሲያልቅ ያየሁት ነገር ደስ አለኝ። ሠንጠረዡ ከላይ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ምድብ 26 ላይ ሲደርስ በቢላ የተቆረጠ ያህል ያልቃል። ከዚያ በታች ስምንት ነጠብጣብ ብቻ።

እኒያ ሰውዬ 26ኛው ጥቅል ላይ ደንበኝነታቸውን አቆሙ ማለት ነው። ለምን? ሥራ ለቀው ይሆን? ልጅ ወልደው ይሆን? ወይስ እንደ ማንኛውም ሰው ሰለቻቸው? የብዙ ሰው ታሪክ ይኸው ይመስላል። ሰው መጀመሪያ ላይ ይመዘገባል፤ ቀስ በቀስ ይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ምድቦች በየቤዝመንቱ የሞሉት፣ የኋለኞቹ ደግሞ እንደ ፀሐይ ግርዶሽ የሚጠበቁት ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ጥቅል እስኪያገኝ ድረስ የከፈለ ጽኑ ሰው ጥቂት ነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። የተረፈ 609። ድጋሚ 21። የተለያየ 588። የጎደለ 1,596።

ድጋሚዎቹን ሳስተያይ ደግሞ አንዱ ጣሊያን የታተመ፣ መንትያው ጃፓን የታተመ ሆኖ አገኘሁ። የታተመበት አገር ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል አለ። እንደ ሁለት ልቁጠር ወይ ብዬ አንድ ምሽት አባከንኩ። እንደ አንድ ቆጠርኩ፤ አለበለዚያ ይህ ሥራ አያልቅም። ሁለቱንም ግን አስቀምጫለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ማስቀመጫ ተገኘ! ለካርድ የተሠራ ነገር መፈለጌ ነበር ስህተቱ። የፎቶ ዕቃ ሻጭ ጋ ሄድኩ። 5 በ7 ኢንች የሚባለው የፎቶ ከረጢት ልክ ነው፤ ትንሽ ይሰፋል እንጂ። 5 በ7 ማለት ወደ 12.7 በ17.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ዋናው ነገር ቁሱ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ፣ አዲስ የመኪና ወንበር የሚሸተው ፕላስቲክ አይሆንም። ከጊዜ ብዛት ዘይት ነገር ያወጣና ሥዕሉን ይይዘዋል። ፖሊፕሮፒሊን የሚል ይሁን። አንድ ሺህ ገዛሁ። ከካርዶቹ ከራሳቸው ይልቅ ከረጢቱ ተወደደብኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

አበበን ፍለጋ።

ካርዱ መኖሩን አረጋግጫለሁ። ሌሎች ሰብሳቢዎች በጻፉት ዝርዝር ውስጥ አለ። የት እንደተጻፈ ለማግኘት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጥፋቱ የእኔ አእምሮ ነው። “አበበ” ብዬ ነበር የምፈልገው፤ እንደ ሰው። ዝርዝሩ በቤተሰብ ስም ነው የተደረደረው። እነሱ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስሙ “ቢቂላ” ነው።

ይህን ነገር ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪም ቤት ሄደህ በአባትህ ስም ትጠራለህ። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፤ አባትህ በሕይወት የለም፤ ነርሷ ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች።

የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይ ደግሞ ባሰ። “ቢቂላ” ብዬ ስፈልግ የመጣው ሌላ ነው፤ ባዶ እግር የሚመስሉት፣ ጣት ጣት ያላቸው የሩጫ ጫማዎች። ስሙን የሆነ ጫማ ላይ ለጥፈውት ነበርና። አንዱ ሻጭ የስሙን ፊደል አሳስቶ ጽፎታል። ሌላው ስሙን ትቶ “የማራቶን ካርድ” ብሎታል። በስሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን መቼም አያገኘውም።

ዛሬ ሁለት ነገር አዘዝኩ። አንዱን አበበን፣ ብቻውን፣ ከነፖስታው 9 ዶላር። ሌላው 240 ካርድ የያዘ ክምር በ40 ዶላር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

አበበ መጣ። ታጥፎ።

ሻጩ ተራ ፖስታ ውስጥ፣ ያለ ካርቶን ልኮታል። ፖስታ ሳጥናችን ጠባብ ነው። ፖስተኛው እንደ ጋዜጣ አጥፎ ከቶታል። ከመሃል ላይ ነጭ መስመር ወጥቶበታል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ለሻጩ ጻፍኩለት። ገንዘቡን መለሰ፤ “ካርዱን ያዘው” አለ። በጨዋ ደንብ ነው የጨረሰው፤ ሆኖም ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሌላ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

240ው ደርሷል፤ ይህኛው በደንብ ታሽጎ። 131ዱ ያለኝ ነው፤ እንደጠበቅኩት የመጀመሪያዎቹ ምድቦች። 109ኙ አዲስ። የተለያየ 697 ደረሰ። አበበን ስጨምር 698።

የታጠፈውን ይቆጠራል ወይ አይቆጠርም ብለን ከልጄ ጋር ተከራከርን። እሱ “አይቆጠርም፤ ዳሜጅድ ነው” አለ። እኔ ዳኛ ስለሆንኩ ተቆጠረ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ጾም ነው፤ ፍልሰታ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ በሰፈር የማከብራቸው አባት ቤት መጥተው ነበር። ሻይ እየጠጣን ካርዶቹን አሳየኋቸው። ብዙም አላስደነቃቸውም። የታጠፈውን ሳወጣ ግን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

“ምን ይላል ጀርባው?” አሉኝ።

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሮም ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

“ቆይ፣ ቆይ። የቁጥሩን ነገር ጽፏል?”

“የምን ቁጥር ጋሼ?”

ከዚያ እሳቸው ተረኩት። ሮም፣ 1960። አበበ ከውድድሩ በፊት ጠንካራው ተፎካካሪው የሞሮኮው ራዲ መሆኑ ተነግሮት ነበር። መለያው 26 ይሆናል ተብሎ። አበበም 26 ቁጥርን ሲፈልግ፣ አጠገቡ አብሮት የሚሮጠው ሰው የለበሰው 185 ነው። ራዲ ራሱ መሆኑን ሳያውቅ፣ “26 ገና ከፊት ነው” እያለ ሮጠ። ወደ መጨረሻው አፈተለከ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የዓለም ፈጣን ሰዓት፤ ያውም በባዶ እግር።

“ከቶኪዮ ሲመለስ አይቼዋለሁ” አሉ። “ልጅ ነበርኩ። ሰው ትከሻ ላይ ተሸክመውኝ ነው ያየሁት። ከዚያ ቮልስ ተሸለመ። ባይሸለም ይሻል ነበር።”

በ1969 በዚያች መኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በ1973 አረፈ፤ ገና በ41 ዓመቱ። ይህንን ተባባልን፤ ትንሽ ዝም አልን።

ከዚያ ካርዱን ከፍ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አዩትና “አንተ ልጅ፣ ይህችን ለምን አጠፍካት?” አሉኝ። እኔ እንዳልሆንኩ ለማስረዳት ሁለተኛ ሻይ ፈጀ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ድጋሚዎቼን ከአንድ ፊንላንድ ያለ ሰው ጋር ልለውጥ ነው። ስፖርትካስተር በብዙ ቋንቋ ወጥቷል፤ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስዊድንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ፊንላንድኛም። እንደየአገሩ የሚገቡት ሰዎች ይለያያሉ። ሰውየው የፊንላንድኛውን ጨርሷል። አሁን የእንግሊዝኛውን ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ምድቦች ይጎድሉታል። የኋለኞቹ ደግሞ ትርፍ አሉት። እኔ ተቃራኒው። እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ጋብቻ እንደማግኘት ነው።

60 ለ48 ተስማማን። የኋለኞቹ ብርቅ ስለሆኑ ልዩነቱ ተገቢ ነው። ከ48ቱ ውስጥ ግሬትስኪ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ከምድብ 77። ሳቀብኝ። ዌይን ግሬትስኪ የካናዳ የበረዶ ሆኪ ንጉሥ ነው። ዓለም የሚያሳድደው ኦ-ፒ-ቺ የሚባለው ካርድ አታሚ በ1979 ያወጣውን ካርዱን ነው። አንዱ እንከን የለሽ ቅጂ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በዚያው ዘመን የታተመው የስፖርትካስተሩ ግን የዚያን ፍርፋሪ አያወጣም። ፍርፋሪውም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው። ለጊዜው ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቆይ።

የአገሬን ሯጮች ግን ረሳሁ እንዳትሉ። ማርሽ ቀያሪውን ምሩጽን፣ ማሞ ወልዴን በዝርዝሩ ውስጥ እየፈለግኩ ነው፤ በስማቸውም በአባታቸው ስምም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

የዓመቱ ማብቂያ ነው፤ ሥራው ግን ገና ነው። ዝናብ የለም፤ የአዲስ አበባ ጳጉሜ ናፈቀኝ።

ዛሬ ካርድ አልነካሁም። ስለ አንድ ሰው እያነበብኩ ዋልኩ። ጄፈርሰን በርዲክ ይባላል። የኒው ዮርኳ ሲራኪዩስ ከተማ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ካርድን የልጅ ዕቃ ብሎ በሚንቅበት ዘመን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ስብስብ መለያ ፊደልና ቁጥር ሰጥቶ ካታሎግ አዘጋጀ። ዛሬም ሰብሳቢው ሁሉ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር የታወቀ ካርድ ያለበትን ስብስብ “ቲ206” የሚለው ከእሱ ተቀብሎ ነው። ከ300,000 በላይ ካርዶቹን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። በቁርጥማት በሽታ እጁ እየተቆለመመ፣ እዚያው እየሄደ አልበም ላይ ለዓመታት ራሱ ለጠፋቸው። የመጨረሻውን የለጠፈው በጥር 1963 ነው። ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።

ለጠፋቸው ስል ግን በሙጫ ነው። የዛሬ ሰብሳቢ ይህን ሲሰማ ያመዋል። እኔንም ትንሽ አመመኝ። ከጡቤ በኋላ ግን በማንም ላይ መፍረድ ትቻለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንኳን አደረሳችሁ።

የፊንላንዱ ጥቅል ትናንት ገባ። በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል፣ ዙሪያው በማሸጊያ ታሽጎ። ፈረንጅ እንዲህ ሲያሽግ አመሰግናለሁ። 48ቱም አዲስ ናቸው። 746 ሆንኩ። 1,438 ይቀራል። ድጋሚ 92።

ከፖስታው ውስጥ አንድ ያልተስማማንበት ነገር ነበር። 49ኛ ካርድ። ከ48ቱ ጋር በተመሳሳይ ከረጢት፣ ለብቻው። አበበ፤ ያልታጠፈ፤ ጥጉ ሹል። ነሐሴ ላይ በአንድ መልእክት መሃል ያለቀስኩትን ሰውየው አስታውሶ ነው። ወረቀት አስቀምጧል፤ “ይህ አይቆጠርም” ይላል። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን፣ ስሙ ፊንላንድኛ ቢሆንም፣ ስዊድናዊ መሆኑ ባይታወሰኝ ኖሮ በእሱ በኩል ዝምድና ቆጥሬ እጽፍለት ነበር።

የታጠፈውን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ መለያ ካርቶን እየቆረጠ፣ ፊደል እየጻፈ ይረዳኝ ነበር። የስፖርተኞቹን መፈለጊያ ዝርዝር በስም ነው የምናደርገው። አበበን “ቢ” ሥር አስገብቶት አገኘሁ።

“የእሱ ስም ማን ነው?” አልኩት።

“ቢቂላ።”

“ቢቂላ አባቱ ነው። እሱ አልሮጠም።”

ትንሽ አሰበ። “ታዲያ እኔ ስሞት በአንተ ስም ነው የሚፈልጉኝ?” አለ።

“አዎ” አልኩት። “እዚህ አገር እስካለህ ድረስ።”

ካርዱን አንሥቶ ወደ “አ” ወሰደው። ከሱ በፊት አሊ አለ። ተጎራብተዋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

መደርደሪያው ተገዛ። አምስት ረድፍ ያለው፣ እንጨት፣ ከሌላ ያርድ ሴል። ባለቤቴ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ተከራክራ፣ በ20 ዶላር። ከላይ ሦስቱ የእሷ መጻሕፍት ናቸው። ከታች ሁለቱን ለእኔ ለቀቀች፤ በአንድ ሁኔታ። የኬክ ሽቦዋ ታጥቦ ይመለስ።

ታጥቦ ተመልሷል። የመጀመሪያው ረድፍ ግን ምድብ 19 ላይ ሞላ።